አባ ጠልሰም ከነማሽኑ ጠፋ

ማሽኑ የለም። ቴሌቪዥኑ እንዳለ አለ። ጆይስቲኮቹ ወንበር ላይ ናቸው። የጌም ማሽኑ ግን ከነዳንቴል ልብሱ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል።

ሳጅን ውባንች ኮኪት ከተማ ያለችውን የሽታዬን ጌም ቤት ዙሪያዋን ቃኘች። በሩ አልተሰበረም፤ ቆርቆሮው አልተነቀለም። ባለቤቲቱ ሽታዬ ከጓዳዋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ላቡና እንባው ተደባልቆ በጉንጯ ይወርዳል። ገና ረፋዱ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከወዲሁ አናት ይበሳል። ቬንትሌተር ከጓዳው ጥግ ይንጫጫል፤ ንፋሱ ለማንም የሚደርስ አይመስልም።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ማንንም፣ ሳጅን።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«አንዱ እኔ ዘንድ ነው። አንዱ እዚሁ ጌም ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት ልጆች ዘንድ።»

«ልጆቹ» የምትላቸው ከጎጃም የመጡ ማሽላ ቆራጮች ናቸው። ሥራቸው አልቋል፤ ዛሬ በቀትር መንገደኛ መኪኖችን ከሚያጅበው የወታደር እጀባ ጋር ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጥቅል ጥቅላቸውን ይዘው ደጅ ተኮልኩለዋል። ውባንች ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ማን ወሰደው?»

«አባ ጠልሰም ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አባ ጠልሰም ማነው?»

«ጠንቋይ ነው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

ሁሉም በሳቅ አውካኩ። አለቃቸው ፈንቴ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ በቁጣ ዝም አሰኟቸው።

«ሰው አይደለም፣ ሳጅን። የጌሙ ጠንቋይ ነው። ክፍል አንድ ላይ ገደልነው። ክፍል ሁለት ላይ ጢሙን አንዠርጎ መጣ። ገደልነው። ይኸው ክፍል ሦስት ላይ ሁለት ራስ አብቅሎ ብቅ አለ።»

«የሞተ እንዴት ነው የሚመጣው?»

«እሱንማ እኛም አልገባን!»

ውባንች ግንባሯን አሸች። ጭራሽ ግራ ገባት። ፈንቴ ግን ነገሩን ከልባቸው ይዘውታል። ማሽላውን እንደሚቆርጡት ሁሉ ጠንቋዩንም በተራ ነው የሚወጉት፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበላል። ሳይገድሉት አገራቸው ላይገቡ ተማምለዋል። ትናንት ማታ ለመሞት አንድ ሐሙስ ሲቀረው መብራት ሄደ። ዛሬ ጠዋት ሊጨርሱት ሲነሱ ማሽኑ የለም።

«እና አንቱ ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ባዘዘውን። ጩኸታችሁ አላስተኛ አለኝ፣ ማሽኑን ሰብሬ እገላገላችኋለሁ ሲል ከርሟል።»

ባዘዘው ጎረቤት ነው፤ ስልክ ይጠግናል። ሱቁ ዝግ ነበር። ውባንች «አገኘሁህ!» ስትል እሱ አቧራ ለብሶ ከአይሱዙ ላይ ዱብ አለ። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሽንፋ የምትባል ከተማ ሄዶ ለቅሶ ላይ ነበር። አብረውት ያለቀሱት ሁሉ ከዚያው መኪና ላይ እየወረዱ መሰከሩለት።

«ሌባውን ስታገኙት ሳሙልኝ!» ብሎ ሊተኛ ገባ።

ይኼኔ ነው ከቆራጮቹ መካከል አንድ ቀጭን ጎረምሳ የተነሳው። ምንይችል ይባላል።

«እኔ ነኝ የሰረቅሁት» አለ።

ጓደኞቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሱበት። ስንት ወር አብሯቸው በልቶ! ውባንች ክንዱን አፈፍ አድርጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይዛው ሮጠች።

«የት አደረስኸው?»

«ሸጥሁት።»

«ለማን?»

«ለመንገደኛ።»

«ዳንቴሉንስ?»

«እሱን እዚያው ትቼዋለሁ።»

ውባንች ብድግ አለች። ሽታዬ ማታ ማታ ማሽኑን አቧራ እንዳይገባው ዳንቴል ታለብሰዋለች። ዳንቴሉ ግን እዚያ የለም፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ ነው የጠፋው። የሚክድ ሌባ ለምዳለች፤ ያልሠራውን የሚያምን ግን ከየት መጣ?

«ስማ፣ እጀባው በቀትር ያልፋል። አንተን ገንዳ ውሃ ከተማ ፍርድ ቤት ነው የምልክህ። ጓደኞችህ ጥለውህ ይሄዳሉ። መንገዱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ብቻውን የሚሄድበት የለም።»

«አውቃለሁ» አለ ምንይችል። ደስ ያለው መሰላት። ያበደች መሰላት ውባንች!

እየበገነች ወደ ሽታዬ ተመለሰች።

«ሌባሽ ተገኝቷል። ምንይችል ነው።»

«ማን?» ሽታዬ ደረቷን መታች። «ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ኧረ እሱ አይደለም! ልቀቁት!»

«በምን አወቅሽ?»

«አይደለማ!»

ለማሽኗ ካለቀሰችው ይልቅ ለሌባው ያለቀሰችው በለጠ። ጉድ ነው! ውባንች ራሷ ዞረባት። ላቧን እየጠረገች ንፋስ ፍለጋ ወደ ቬንትሌተሩ ጠጋ አለች።

ንፋስ የለም።

ቬንትሌተሩ ወደ አልጋው አልዞረም። ወደ ወንበሩም አልዞረም። ከግድግዳው ሥር ወዳለው የልብስ ሣጥን ዞሮ እንጨቱን ያናፍሳል። በዚህ ቆላ ራሱ እየተቀቀለ ለሣጥን ንፋስ የሚሰጥ ማነው? ውባንች በደጁ ስታልፍ ታየው የነበረውን ጌም ቤት አስታወሰች፤ ማሽኑ እንዳይግል ሁልጊዜ ቬንትሌተር የሚዞርለት ለማሽኑ ነበር። ማሽኑ ሥራ አቁሞም፣ ከሶኬት ተነቅሎም፣ የሽታዬ እጅ ልማዱን አልተወም።

«ክፈቺው።»

«ልብስ ነው፣ ሳጅን...»

«ክፈቺው አልሁ!»

ማሽኑ ከቀሚሶቿ ሥር ዳንቴሉን እንደለበሰ ተኝቷል።

«የገዛ ንብረትሽን ሰርቀሽ ፖሊስ ትጠሪያለሽ? ለምን?»

ሽታዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ጠንቋዩ ከሞተ ይሄዳሉ። አንደኛው ሲሞት ሁለተኛውን ክፍል ከጎንደር አስመጣሁ። ሁለተኛው ሲሞት ሦስተኛውን። አራተኛ ብፈልግ የለም አሉኝ። እንዳይሞት ልጆቹ ሲተኙ አንስቼ ደበቅሁት። ተሰረቀ ካላልሁ ደግሞ ቤቱን ይፈትሹታል ብዬ ፈራሁ።»

«ማን እንዳይሄድ ነው? ሁሉም?»

ሻርፗን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች።

«ምንይችል?»

እንባዋ መለሰ።

ውባንች ማሽኑን አሸክማ ጣቢያ ወሰደቻት። ምንይችል ሁለቱን ሲያይ ከአግዳሚው ተነሳ።

«ይኸው ማሽኑ። ደብቃው የነበረች እሷ ናት። አንተ ምን ቆርጦህ ነው ሌባ ነኝ የምትል?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ከታሰርሁ እጀባው ያልፈኛል ብዬ ነው።»

«ቢያልፍህስ?»

«እዚሁ እቀራለኋ!»

«ቆይ፣ ቆይ።» ውባንች እጆቿን አነሳች። «እሷ አንተ እንዳትሄድ ሰረቀች። አንተ ላለመሄድ ሌባ ነኝ አልህ። ስንት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ከርማችሁ አንዳችሁም አልተናገራችሁም? አፍ የላችሁም?»



የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እጀባው ደርሷል። ፈንቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ የምንይችልን ጥቅል በእጃቸው አንጠልጥለዋል። ማሽኑን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«ተገኘ? እንግዲያ ንጹሕ ነህ፣ ልጄ። ጠንቋዩን ለከርሞ እንገድለዋለን፣ መሐላውንም እግዜር ይፍታልን። ና፣ ውጣ፣ መኪናው አይጠብቅም!»

ምንይችል ጥቅሉን ተቀበለ። ሽታዬን አያት። ሽታዬ ጫማዋን ታያለች። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ትከሻው ወደቀና ፈንቴን ተከትሎ ወጣ። ውባንች ሽታዬን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ልጁ መንገዱን ተሻገረ። የአይሱዙውን ብረት ያዘ። አንድ እግሩን ጎማው ላይ አሳረፈ።

«አትሂድ!»

ገበያው ሁሉ ዞረ። ሽታዬ ሻርፗ ወድቆ መንገዱ መሐል ቆማለች።

ምንይችል ብረቱን እንደያዘ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«አትሂድ አልሁህ! ጆሮ የለህም?»

«እሱን እንድትይኝ ነበር ስጠብቅ የከረምሁት» አለና ጥቅሉን መሬት ላይ ጣለው።