ለጊዜው የተከፈተ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት መውረድ ለዘርይሁን እንደ ኮሶ ነበር፤ አይጥምም፣ ግን ይጠጣል። መሥሪያ ቤቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ከላይ ባሉት ፎቆች ሰዎች ስለ እሳትና ስለ ጎርፍ ውል ይፈራረማሉ፤ ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን፣ ኮምፒውተሮች በተደረደሩባት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ እሱ ብቻውን የኩባንያውን የኔትወርክ በር ይጠብቃል። የሚጠብቅበትን መሣሪያ ፋየርዎል ይሉታል። ለልጁ ለኖላዊት ሲያስረዳት፣ «ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚል ዘበኛ ነው፤ ልዩነቱ ጉርሻ አይቀበልም» ብሏታል።

የዛሬው ሥራ ቀላል ነው። «መሻገሪያ ሎጂስቲክስ» ከተባለ የጭነት ድርጅት ጋር በምስጢር የተቆለፈ መስመር መዘርጋት፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ሌላ ሳይሰማቸው እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ መሞከር፣ መውጣት። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ኖላዊትን ከሥዕል ትምህርቷ መውሰድ አለበት። እናቷ ነርስ ናት፣ ዛሬ ተረኛ ናት፤ ሌላ ወሳጅ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ዘግይቶ ሲደርስ ልጅቱን ባዶ ግቢ ውስጥ ቦርሳዋን አቅፋ አገኛት፤ እቤት እስኪገቡ እጇን አልሰጠችውም። ዛሬ እንደማይዘገይ በእናቱ ስም ምሎላታል።

ምድር ቤቱ ሞባይል ስለማይስብ ስልኩን ፎቅ ላይ ባለው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ሰክቶ ትቶት ነው የወረደው። የምድር ቤቱ ባለገመድ ስልክ ጮኸ።

«ቸርነት ነኝ፣ ከመሻገሪያ» አለ አንድ የደከመ ድምፅ። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ያስተጋባል። «ወንድሜ፣ ሙከራው ከኛ በኩል እያለፈ አይደለም።»

«እንዴት ያልፋል? ገና አልከፈትኩላችሁም እኮ!» ሳቀ ዘርይሁን።

ግን ኮምፒውተሩ ላይ የፋየርዎሉን ሰሌዳ ሲያይ ሳቁን ተወ። መስመሩ ገና ሳይዘረጋ ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ደጋግሞ ያንኳኳል፤ ፋየርዎሉም በየተራ ይመልሰዋል። ማንኳኳቱ የማሽን አይመስልም። ማሽን ሲያንኳኳ እንደ ሰዓት ነው፤ ይህ ግን እንደ ሰው ይቸኩላል፣ ያርፋል፣ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ የሚያዳምጥ ይመስል ለረጅም ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

ደንቡን አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ ጻፈ። አልሠራም። አስተካከለ። አልሠራም። አለቃው አቶ ሙሉሰው ከላይ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ የነሱ ሥራ አስኪያጅ ነጋ ጠባ እየደወለ ነው። ሁሉንም ለሁሉም ክፈትላቸውና ይሞከር!»

«ጋሼ ሙሉሰው፣ እሱማ አጥር አፍርሶ እንግዳ መቀበል ነው።»

«ለጊዜው ነው ያልኩህ! ሰኞ ታጠብቀዋለህ።»

በዚህ አገር ከ«ለጊዜው» የበለጠ ዘላቂ ነገር እንደሌለ ዘርይሁን ያውቃል። የሕንፃው ደረጃ መያዣ ለጊዜው በሽቦ ከታሰረ ስንት ክረምት አልፎታል፤ አቶ ሙሉሰው ራሳቸው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በተጠባባቂነት ነው። ሰዓቱን አየ፤ ኖላዊትን አሰበ። ሁሉም ወደ ሁሉም ይለፍ ብሎ ጻፈና አጸደቀ።

የማቀዝቀዣው ጩኸት ጋብ አለ። ከመደርደሪያዎቹ ኋላ፣ ገመዶቹ እንደ ሥር ተጠላልፈው ከሚወርዱበት ጨለማ፣ ዝናብ የመታው ጆንያ ዓይነት ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ለብ ያለ አየር ማጅራቱን ነካው፣ ራቀ፣ እንደገና ነካው። ሲዞር ማንም የለም። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ብቻ ከወዲያኛው ጥግ ጀምረው አንዱ ሲጠፋ ሌላው እየበራ፣ ሰው ከፊታቸው የሚያልፍ ይመስል፣ ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ተዘጋ።

የኮሪደሩን ካሜራ አየ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ደረጃውን ይወጣል። ሹራቡ የእሱ ነው፤ ክርኑ ላይ ሚስቱ የጣፈችው እንኳ ሳይቀር። ዘርይሁን ክርኑን ዳሰሰ፤ ሹራቡን ለብሶታል።

ወደ በሩ ሮጦ ጣቱን የአሻራ ማንበቢያው ላይ ጫነ። «ዘርይሁን፦ ወጥቷል» አለው የማንበቢያው ስክሪን። ሠራተኞች በር እየተከፋፈቱ ሲያስቸግሩ፣ ወጣ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሳይገባ ዳግም እንዳይወጣ ያደረገው ራሱ ነው፤ ለዚህም ተጨብጭቦለታል። የበሩን ማዘዣ በኮምፒውተር ሊከፍት ሞከረ። «ባለቤቱ ሕንፃው ውስጥ የለም» ብሎ መለሰው። በእጁ የቀረችው ቀድሞ የከፈታት የፋየርዎሉ ገጽ ብቻ ናት።

አለቃው ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ በሩ ቆልፎብኛል፣ ይድረሱልኝ!»

«ምን ያለኸው ቀልደኛ ነህ!» ሳቁ አቶ ሙሉሰው። «አሁን ስልክህን ከጠረጴዛህ ነቅለህ፣ ጉንጬን ስመህ አልወጣህም? እጅህ ግን እንዴት ይቀዘቅዛል! በል፣ እኔም መኪና ውስጥ ነኝ፣ ቻው።» ደግሞ ሲደውል አላነሱም። ቅዳሜ ሌላ ሰው ሕንፃው ውስጥ አይቀርም።

በሩን በትከሻው መታ፣ በወንበር መታ፣ ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ ብረቱ የገዛ ስሙን መለሰለት። ትከሻው እስኪዝል ከታገለ በኋላ፣ በዘገየ ቁጥር እየደወለ በቃሉ የያዘውን የትምህርት ቤቱን ቁጥር መታ። ዘበኛው ጋሽ ደምሰው አነሱ።

«የኖላዊት አባት ነኝ። ልጄን ለማንም እንዳይሰጡብኝ!»

«የኖላዊት አባት?» አሉ ሽማግሌው ቀዝቀዝ ብለው። «አባቷማ መጥቶ ወሰዳት፤ ዛሬስ በሰዓቱ ነው የመጣው። ማነህ አንተ?»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ሰሌዳው ላይ በመስመሩ የሚያልፈው ብዛት ያሻቅባል። ከወዲያ በኩል አሁን አንድ አይደለም የሚመጣው፤ ብዙ ነው፣ እየተጋፋ፣ እየተጣደፈ። ከገመዶቹ ኋላ ያ ሽታ ገነነ፣ የብዙ እግር ኮቴም ተሰማ። ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ እንዳትዘጋው!» ቸርነት ነው፤ ያለቅሳል። «በምታመልከው ይዤሃለሁ፣ ገና አትዝጋው! እየደረስንበት ነው፣ እኛ...»

«ሌባ!» ብሎ ጮኸበት ዘርይሁን። «አንዱ አልበቃችሁም? የቀራችሁትንም ልታስገቡ?»

ጆሮው ላይ ዘጋበት። ደንቡን ደመሰሰ፤ መስመሩን ከነቁልፉ፣ ዳግም እንዳይጠገን አድርጎ፣ አጠፋው። ኮቴው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሽታው ሳሳ። ማቀዝቀዣው እንደ ድሮው አጓራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጥልቀት ተነፈሰ፤ ቢያንስ ከዚህ በኋላ የሚጨመር የለም፣ የወጣውንም ፖሊስ ይይዘዋል አለ ለራሱ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የስልኩ ስክሪን ላይ የታየው የራሱ የሞባይል ቁጥር ነው። ሲያነሳው የመኪና ጥሩምባ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ከዚያ የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ሰማ።

«ኖልዬ! የኔ እናት፣ የት ነሽ? እጁን ልቀቂና ሩጪ!»

ልጅቱ ከማታውቀው ትልቅ ሰው ጋር ስትሆን በምታወጣው በዚያ ጨዋ ድምፅዋ፣ «ጋሼ፣ አባቴ ‹ይዘው ሊመልሱኝ በመጡት ሁሉ ላይ በሩን ስለዘጉልኝ አመሰግናለሁ› በያቸው ብሎኛል» አለችው።