የበረኛው ሉህ

ስልክ ጠጋኙ የወረቀት ዘውዱን እንደደፋ ወንበሩ ላይ ሞቷል። ፊቱ አብጧል፤ ጣቶቹ የሸሚዙን አንገትጌ እንደጨበጡ ቀርተዋል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እርስ በርስ ለመተያየት ፈርተዋል። ከሦስቱ አንዱ ገድሎታል።

ብዙ ስለማትናገር ባልደረቦቿ «ዝምታ» የሚሏት መርማሪ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ወረቀቶች አንዱን አነሳች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የገጸ ባሕርይ ሉህ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። ቀልደኛ ሰው ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ተረት እንጫወታለን። ጠጠር የለው፣ ካርታ የለው፤ በአፍ ብቻ። ሟቹ ንጉሥ ነው፤ እህቱ ተራኪ ናት፤ እኔ ሐኪም ነኝ፤ ጉንፋን እንኳ አድኜ አላውቅ። ሉሁ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ድክመቱ ምን እንደሆነ ይናገራል።»

መርማሪዋ የንጉሡን ሉህ ጮክ ብላ አነበበች። «ድክመት፦ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ትንፋሹ ይዘጋል። ዕቃ፦ የትንፋሽ መርፌ፣ በግራ ኪስ። ተረት ነው?»

«የለም፣ እውነት ነው። ድክመቱ ከራሳችን ገላ መሆን አለበት። ዕቃውም የምር ኪስ ውስጥ መኖር አለበት፤ የሌለውን ዕቃ የሚጠቀም አጭበርባሪ ነው። ደንባችን ነው።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ታውቁ ነበር።»

«ሁላችንም። ዋሻው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳችን መብራት አጠፋን። ያጣጥር ጀመር። እየተወነ መስሎን… አጨበጨብንለት።»

ከሳህኑ ላይ የተነከሰ ብስኩት አነሳች፤ የተፈጨ ኦቾሎኒ ተነስንሶበታል። ሌሎቹ ብስኩቶች ንጹሕ ናቸው።

«ማን ጋገረው?»

«እህቱ።»

«ማን አቀረበለት?»

«በረኛው ነዋ! ንጉሥን ማስተናገድ የበረኛ ሥራ አይደል?»

በረኛ ሆኖ የሚጫወተው ማኅተም ቀራጩ ነው። የደንብ ጥሰት ስለማያሳልፍ «አንቀጽ» ይሉታል።

«አሥር ዓመት በረኛ ነዎት አሉ።»

«አሥር ዓመት። ንጉሡ አንድ ቀን እንኳ ግባ፣ አረፍ በል አላለኝም። ሰው በጨዋታ እንኳ ይናቃል፣ እመቤት። ጭራሽ ዛሬ በረኛው ይሙት፣ ሉሁን እንቅደደው አለ። ሳቁብኝ።»

«ገላውን ነኩት?»

«እኔ? በሩ ጋ ነበርኩ።»

የሦስቱ ኪሶች ተፈተሹ፤ የተገኘ ነገር የለም፤ የሟቹን ኪስ ግን በፊታቸው የነካ አልነበረም። ሁለቱ ወንዶች ግን እርዳታ ለመጥራት ወጥተው ተመልሰው ነበር። ፖሊሶቹ ዓይናቸውን የጣሉት በእህትየው ላይ ነው፤ ብስኩቱን የጋገረች እሷ፣ ሱቁን የምትወርስ እሷ። አንደኛው ካቴናውን ሲያንቃጭል በሰማች ቁጥር ትሸማቀቃለች።

«ወንድም ጋሼን እኔ?» አለች በሹክሹክታ። «ሲያጣጥር ገባኝ። በጨለማ ኪሱን ዳበስኩ። መርፌው የለም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማንን አምኜ?»

«ለማንም እንዳትናገሪ።» ዝምታ ሉሆቹን መለሰችላቸው። «ነገ ቀትር ላይ ሉሃችሁንና ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ። እንጫወታለን።»

በማግስቱ መዝጊያው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። መርማሪዋ ዘውዱን ደፍታ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጨለማው የሚሰማው የልብስ ሰፊው ከባድ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ተርኪ» አለች።

«ንጉሡ… ዋሻው ውስጥ…» አለች እህትየው። «ትንፋሽ አጠረው።»

«መርፌዬን አውጥቼ እወጋለሁ። ንጉሡ ዳነ።»

«አይሆንም!» አለ ከበሩ በኩል የተቆጣ ድምፅ። «የሌለ ዕቃ አይወጋም! የንጉሡ ኪስ ትናንትም ባዶ ነበር!»

መብራቱ በራ። አንቀጽ ጣቱን እንደቀሰረ ቀርቷል።

«አንተ ሰውዬ» አለ ልብስ ሰፊው ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ «እኔ ጭንቀት ይዞት መርፌውን ሳያወጣ ሞተ ብዬ ነበር የማስበው። ባዶ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለች ዝምታ ወደ በረኛው ዞራ። «ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ሦስታችሁም ታውቁ ነበር፤ ሉሁ ላይ አለ። የተነሰነሰበት አንድ ብስኩት ብቻ ነው። ሳህን ሙሉ የጋገረ ሰው የትኛው ንጉሡ እጅ እንደሚገባ አያውቅም፤ የሚያውቀው አንስቶ ያቀበለው ነው። ያቀበሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ይህ ብቻውን ግን አልበቃኝም፤ ከመካከል ሌላ ሰው ነስንሶበት ሊሆን ይችላል። ኪሱ ባዶ መሆኑን የምታውቀው የዳበሰችው እህቱ ናት። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ቢኖር የወሰደው ሰው ነው። አሥር ዓመት ደንብ ሲያስከብር የኖረ ሰው ንጉሡ ሲያጭበረብር ዝም ብሎ እንደማያይ ገመትኩ።»

ፖሊሱ የአንቀጽን ግራ ኪስ ገለበጠ። መርፌው ወጣ። ሉሁን ዘረጋው፤ ከዕቃዎቹ ግርጌ በዚያ በሚያምር የቀራጭ እጅ ጽሑፍ አዲስ መስመር ታክሏል፦ «የትንፋሽ መርፌ፣ በግራ ኪስ።»

«ምነው ጻፍከው?» አለች እህትየው።

«ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ ተባለ። ወስጄ ካልጻፍኩት ማጭበርበር ይሆናላ» አለ አንቀጽ። ካቴናው ሲጠልቅለት አላየውም፤ ዓይኑ ሉሁ ላይ ነበር። «እባክሽ፣ እህቴ፣ አትቅደጂው። በረኛው ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። በረኛው… ሞተ?»

በዚያ ክፍል የሚሞተውንና የሚተርፈውን የምትወስነው ተራኪዋ እህት ናት። ሉሁን ከፖሊሱ ተቀብላ፣ አጣጥፋ ለመርማሪዋ ሰጠቻት።

«አልሞተም» አለች። «ንጉሡ የለም፣ አዳራሹም ተዘግቷል። እሱ ግን በሩ ላይ እንደቆመ ይቀራል።»

ሲወጡ መብራቱን ለማጥፋት የደፈረ አልነበረም።