ከፀጉሩ ሥር

«መጨረሻ የተበጠረው መቼ ነው?» አሉ እትዬ ሚራን፣ ሁለት ጣታቸውን ከውሻው ጆሮ ሥር ለማስገባት እየሞከሩ።

ዳሶም መልሱን መንገድ ላይ ስትለማመደው ነበር። «ባለፈው ሳምንት» አለች።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። ጣቶቻቸው አልገቡም። ከላይ ሲታይ ለስላሳ የሚመስለው ነጭ ፀጉር ከሥሩ ተተብትቦ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ቆዳው ላይ ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ሶም አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀጭን የሲቃ ድምፅ አሰማ።

«እሺ፣ ባለፈው ሳምንት» አሉ ሴትዮዋ ሳይቆጡ። «አጥበሽዋል ደግሞ?»

«ትናንት። ንጹሕ ሆኖ ይምጣ ብዬ።»

«የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይባስ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም የኔ ልጅ።»

ዳሶም ወደ በሩ ዞረች። ጓደኛዋ ሚንቼ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ውስጡ ስኳር የቀለጠበት ትኩስ ቂጣ እየገመጠች ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ውሸቱን ያስጠናቻት እሷ ነበረች።

ይህ በወደብ ከተማዋ በጉንሳን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ያለ ትንሽ የውሻ ፀጉር ቤት ሲሆን፣ ዳሶም ከትምህርት ቤት ወጥታ ስትዞር ለዛሬ ሦስተኛዋ ነው። አንደኛው ቤት ወረፋ ሞልቶበታል። ሁለተኛው ቤት ያለው ወጣት ሶምን ገና አንዴ ነካ አድርጎ «ሙልጭ አድርጎ መላጨት ነው፣ ሌላ መላ የለውም» ሲላት ውሻውን ብድግ አድርጋ ወጣች። ቆርጣ ነበር የተነሣችው። ከመምሸቱ በፊት ሶም እንደ ድሮው የጥጥ ኳስ መምሰል አለበት። መላጨት የሚባል ነገር አይታሰብም። ነገ ሃንሶል ይመጣል።

ሃንሶል ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ውሻውም የእሱ። ስሙን ሶም፣ ማለትም ጥጥ፣ ያለውም እሱ ነው። ወደ ውትድርና ሊሄድ ሲል ዳሶምን ወለሉ ላይ አስቀምጦ አበጣጠሩን አሳይቷት ነበር፤ ጆሮው ሥር፣ ብብቱ ሥር፣ እግሮቹ መሃል። «ከላይ አይደለም፣ ከሥሩ ነው» አላት። «ማታ ማታ። አደራ።»

«እሺ ጋሽዬ! ስንቴ ትነግረኛለህ?»

መጀመሪያ ላይ እንዳላት አደረገች። ከዚያ ፈተና መጣ፤ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ሶም ጆሮው ሥር ስትደርስ ራሱን እየነጠቀ ያስቸግራት ጀመር። ጀርባውን ብቻ ማበጠር ቀለላት። ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ፎቶውንም ከላይ አንስታ ትልካለች፤ ሃንሶል «ፏ ብሏል! ጎበዝ እህቴ!» ብሎ ይጽፍላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ሊያልቅ ደረሰ።

«ሁለት መንገድ አለ» አሉ እትዬ ሚራን፣ ማበጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። «አንድም መላጨት፣ አንድም ቋጠሮውን እየጎተቱ መፍታት።»

«ይፍቱልኝ። እስከፈለገ ሰዓት እጠብቃለሁ።»

«የምትጠብቂው አንቺ ነሽ፤ የሚጎተተው ግን እሱ ነው።»

የዳሶም ፊት ጋለ። ግን ወደኋላ አላለችም። «እባክዎ እትዬ። እኔ እይዘዋለሁ። ወንድሜ ነገ በፈቃድ ይመጣል። ውሻው የእሱ ነው። ተላጭቶ ሊያየው አይገባም።»

ሴትዮዋ ሶምን አዩት፤ እሷንም አዩዋት። «አንዷን እሞክራለሁ» አሉ። «ቀለል የምትለዋን። ከዚያ በኋላ አንቺው ትነግሪኛለሽ።»

ከፊት እግሩ በላይ ያለች ቋጠሮ መረጡ። ቋጠሮ የሚያላላ ዱቄት ነሰነሱባትና የፀጉሩን ሥር በአንድ እጃቸው ጨብጠው በብረት ማበጠሪያ ጫፍ ጫፏን መቆስቆስ ጀመሩ። እጃቸው የተጣደፈ አልነበረም። ሶም ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳሶም ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። «ቻለው፣ ትንሽ ብቻ» አለችው በጆሮው። «ትንሽ ነው፣ አሁን ያልቃል።»

አላለቀም። ማበጠሪያው በገባ ቁጥር የውሻው ገላ በሙሉ ይኮማተራል። ቢነክሳት፣ ቢያጉረመርምባት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን አፍንጫውን ክንዷ መታጠፊያ ውስጥ ቀብሮ የእጇን አንጓ ይልስ ጀመር። እያመመው፣ ይቅር በዪኝ እንደሚል ሁሉ፣ ይልሳታል። ዳሶም ጥርሷን ነከሰች። ነገ፣ አለች በልቧ። ነገ ሃንሶል በሩን ሲከፍት።

ቋጠሮዋ በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ ተላቀቀች። እትዬ ሚራን ማበጠሪያውን አቁመው ፀጉሩን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል፤ እርጥብ ነው። ሳይደርቅ የተጣጠፈ ፎጣ የሚሸት ሽታ ወጣ። ሴትዮዋ እንድታየው ጠበቁ።

«ሌላውም... እንዲህ ነው?» አለች ዳሶም።

«ይቺኛዋ ቀላሏ ናት።»

ሚንቼ ቂጣዋን ትታ ተጠጋች። አይታ ፊቷን አጨማደደችና የጓደኛዋን እጅጌ ሳብ አደረገች። «ስሚኝ» አለች በሹክሹክታ። «ይላጭና ይገላገል። ለሃንሶል፣ ‹ለፈተና ሳጠና ሶም ሚንቼ ጋ ነበር› በዪው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እኔን ምን ያደርገኛል? ቢበዛ አንድ ወር ያኮርፈኛል።»

ዳሶም ዞር ብላ አየቻት። ሚንቼ አልቀለደችም። ለሷ ብላ ስድቡን ልትጠጣ ተዘጋጅታለች።

«ይላጩት» አለች ዳሶም ለእትዬ ሚራን። ድምፅዋ ስለተሰበረ ደገመችው። «ሙሉውን ይላጩት።»

ቶንዶሱ መጮህ ጀመረ። ዳሶም ፀጉሩ እየተቆራረጠ ወለሉ ላይ የሚረግፍ መስሏት ነበር፤ ከሶም ጀርባ የወጣው ግን አንድ ወጥ ነበር፤ እንደ ለምድ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ። ከሥሩ ቀጭን፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ጎኑ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ የተበተነበት ውሻ ወጣ። ነጠብጣቡ መኖሩን ሃንሶልም አያውቅም።

«ወይኔ፣ አይጥ ሆነ እኮ!» ብላ ሚንቼ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች።

እትዬ ሚራን የቀሉትን ቦታዎች ቅባት ቀብተው ሶምን መሬት አወረዱት። ቆመ። አንድ እግሩን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፤ ሌላውን አነሣ። አካሉን አራገፈና የተራገፈለት ነገር እንዳስገረመው ሁሉ ደገመው። ከዚያ ፈነጠዘ። በጠረጴዛው ሥር፣ በሚንቼ እግሮች መሃል፣ እየተንሸራተተ ዞሮ ዞሮ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ ዝላይ ወጣና ምላሱን አውጥቶ ዳሶምን አያት።

ዳሶም ፈዛ ቀረች። ሶም ሶፋ ላይ መዝለል ካቆመ ቆይቷል። ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ስትጠራው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለሃንሶል «አንተ ናፍቀኸው ነው» ብላ ጽፋለት ነበር። እሷም ከልቧ አምናበት ነበር።

«ለምንድን ነው አሁን የዘለለው?»

«ፀጉሩ ይጎትተው ነበራ» አሉ እትዬ ሚራን ወለሉን መጥረግ ጀምረው። «ሲራመድም፣ ሲተኛም። አሁን የሚጎትተው ነገር የለም።»

ዳሶም ወደ ግድግዳው ዞረች። እዚያ የተሰቀሉትን የደንበኛ ውሾች ፎቶ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ የምታያቸው መሰለች። ሚንቼ ፊቷን ለማየት አልሞከረችም።

ሲወጡ የባሕሩ ነፋስ መንገዱን ይዞታል። ዳሶም ሶምን በአንገት ልብሷ ጠቅልላ አቀፈችው። የገበያውን ጥግ ሳይታጠፉ ስልኳ ጮኸ። ወታደሮቹ ስልካቸው የሚሰጣቸው በዚህ ሰዓት ነው። የደዋዩ ስም «ጋሽዬ» ይላል።

«የምሬን ነው» አለች ሚንቼ ፈጠን ብላ። «እኔ ጋ ነበር በዪው። በቃ፣ እኔ ተስማምቻለሁ።»

ዳሶም ስልኩን አነሣች።

«ዳሶምዬ! ነገ ልመጣ እኮ ነው! ምሳ ላይ ከች እላለሁ። ያ ጎረምሳ እንዴት ነው? አጥበሽልኛል?»

«ጋሽዬ... ተላጭቷል።»

«ምን?»

«ሙሉ በሙሉ። ፀጉሩ ከሥሩ ተተብትቦ ነበር። አንተ እንዳልከው አላበጠርኩትም። ከላይ ከላይ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ፎቶውንም ከላይ ነው ያነሣሁልህ።»

ሚንቼ ዓይኗን ጨፈነች። በስልኩ ውስጥ የወታደሮች ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ሌላውን በስም እየጠራ ያበሽቀዋል።  

«ቆስሏል?» አለ ሃንሶል በመጨረሻ።

«ቀልቷል። ብብቱ ሥርና ጆሮው ሥር። ቅባት ሰጥተውኛል። ጠዋትና ማታ የሚቀባ።»

«ማታ እንዳትረሺ።»

«አልረሳም።»

«ነገ እናወራለን» አለና ዘጋው። ጎበዝ አላለም። አይዞሽም አላለም።

ዳሶም ስልኩን ኪሷ ከተተች። 

«ተቆጣ?» አለች ሚንቼ።

«አላውቅም። መሰለኝ።»

«እኔ ብሆን ነገ ሲመጣ ማጠናከሪያ ትምህርት አለብኝ ብዬ ውልቅ ነበር የምለው። እናትሽ ትቀበለው፣ መጀመሪያ እሷ ላይ ይብረድለት፣ ከዚያ ማታ ትገቢያለሽ።»

ዳሶም ይህን ሳታስበው አልቀረችም። ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እሱ ነበር። ሶም ከአንገት ልብሱ ውስጥ ራሱን አውጥቶ ከገበያው የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ ሽታ እያሸተተ ይቁነጠነጣል፤ ልውረድ ማለቱ ነው። አወረደችው። ማሰሪያውን ወጠረና ወደፊት ጎተታት።

«ነገ መናኸሪያ ይዤው እሄዳለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ሶምን። ሃንሶል ከአውቶቡስ ሲወርድ እዚያው ያየዋል።»

«በዚህ ብርድ? መላጣውን?»

«ሹራብ እገዛለታለሁ። ድልድዩ ጋ ያለው ሱቅ ገና አልዘጋም።» ማሰሪያውን እጇ ላይ አንዴ ጠመጠመችና እርምጃዋን አፈጠነች። «ነይ፣ ልኩን አብረን እናያለን።»