ሦስቱ የቁልፍ ጥርሶች

ሽማግሌው ማኅተም ቀራጭ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። የተመቱበት መዶሻ እግራቸው ሥር ወድቋል። ከፊታቸው አዲሱ የመንግሥት ማኅተም፣ ገና ያልተወለወለ ነሐስ፣ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ጨርሰውት ነበር። የሟች ልጅ ባል ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ስሙም በከንቱ አልወጣላትም።

«ለምን አሰራችሁት?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ማኅተሙ ላይ ሳይቀረጽ የቀረው የቁልፉ ምስል ሦስት ጥርስ ብቻ ነበር» አለ የፖሊስ አዛዡ። «ንድፉን የሣለው ሠዓሊም የመንግሥት ማኅተም ጠባቂዋም በየፊናቸው ጎራ ብለው አይተዋል። ይኸው አሁን ጥርሱ ተቀርጿል። ስለዚህ ሰውየው ከምሳ በኋላም በሕይወት ነበሩ። ሁለቱ ደግሞ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት አንድ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማን ቀረ?»

የሟች ልጅ፣ ባሏን ሳታይ፣ «ትናንት ከአባዬ ጋር ተጣልቷል» አለች። «መቅረጫቸውን ሰብሮባቸው።»

«ከእኔ ይልቅ መቅረጫው ነው የሚያሳዝናት» አለ ባልየው። ማንም አልሳቀም።

መርማሪዋ ማኅተም ጠባቂዋን ለብቻዋ ወሰደቻት። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅተም መትታለች፤ ጥፍሯ ቀለም እንደጠጣ ቀርቷል።

«በመጀመሪያው ማኅተም ላይ በሬ ነበር» አለች፤ «ቀጥሎ ዛፍ፣ ከዚያ ጋሻ። የአንዱን ቀለም ታጥቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል! ይሄኛውን ግን አባባ አልወደዱትም። ትናንት ደውለው "ቁልፉ አዲስ አይደለም፤ ያስተማረኝ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት ሥሎታል፤ ነገ ማኅተሙን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ እናገራለሁ" አሉኝ።»

ሠዓሊው ተራው ሲደርስ ጺሙን እየዳበሰ ገባ።

«ማኅተም ይዘው ያውቃሉ?»

«እኔ? የእኔ ነገር ወረቀትና እርሳስ ነው። ነሐስ መፋቅ የእጅ ሠራተኛ ሥራ ነው።»

«እሱስ ልክ ነው» አለች፤ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

ማኅተሙን ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ መታችው፤ ከሠዓሊው ሥዕል ጎንም አስቀመጠችው። በሥዕሉ ላይ የቁልፉ ጥርሶች ወደ ቀኝ ያያሉ፤ በወረቀቱ ላይ ወደ ግራ።

«ማኅተም ቀኙ ግራ ሆኖ ነው የሚቀረጸው» አለች። «ኮከቡ ልክ ነው፣ ጽሑፉም ልክ ነው። ጥርሶቹ ብቻ ሥዕሉ ላይ እንዳሉ ተቀርጸዋል። አባባ ሃምሳ ዓመት ቀርጸዋል፤ ይህን አይሳሳቱም። አማቻቸውም አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ሠርቷል። ጠባቂዋ የማኅተም ፊት በየቀኑ ትጠርጋለች። ከሥዕሉ በቀር የማያውቅ ሰው ማን ነው?»

«ለምን ይቀርጸዋል?» አለ አዛዡ።

«ጎሽ! ሽማግሌው ከሰዓት በኋላም ሲሠሩ ነበር እንድንል ነዋ። የሰረቀውን ሥዕል እንዳያጋልጡበት ምሳ ሰዓት ላይ ገድሏቸው፣ ጥርሶቹን ራሱ ቀርጾ ወደ ስብሰባው ሄደ።»

ሠዓሊው ሥዕሉን አየ እንጂ ሟቹን አላየም። «ነገ ስሜ በአዋጅ ሊነገር ነበር» አለ። «አንድ ቀን ዝም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

የአማቹ እጅ ተፈታ። እሱ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?» አላት ሚስቱን።

ሁሉም «ኧረ በጭራሽ» እንድትል ጠበቁ።

«አዎ» አለች። «አሁን ደግሞ አባቴን አብሮኝ የሚቀብር ሰው ካንተ ሌላ የለኝም።»

ባልየው ተነሥቶ የሽማግሌውን ራስ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ቀና አደረገ፤ እግራቸውን እንድትይዝም በዓይኑ ጠራት።