የጉበት ነው ወይስ የአጥንት?

የጉሌድን ውሸት ሰብስቦ የሚጭን አይሱዙ ቢገኝ፣ ገና ከጅጅጋ ሳይወጣ ጎማው ሁሉ ይፈነዳ ነበር። ሥራው የግመል ወተት ከሀርሺን እያመጣ መሸጥ ነው። ግመሎቹ ወተታቸው በመንገድ እንዳይበላሽ ሌሊቱን እንደሚዘፍኑለት «ወላሂ!» ብሎ ይምላል፤ ሰውም እየሳቀ ይገዛዋል።

ዑባህን ያገኛት ወተት ሊያደርስ አንድ ክሊኒክ በገባበት ቀን ነው። እዚያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

«ደሜን መርምሪልኝ» አላት።

«ምን አመመህ?»

«ምንም። ግማሹ ወተት መሆኑን በማኅተም እንድታረጋግጪልኝ ነው።»

ሳቋን ለመደበቅ ጀርባዋን ሰጠችው። ትከሻዋ ግን አሳበቀባት።

ዓመት ያህል ተዋደዱ። ከዚያ ጉሌድ ድንገት ጠፋ፤ ስልኩም ተዘጋ። ዑባህ መክሳት ስትጀምር እያነከሰ ተመለሰ።

«የት ነበርክ?»

«አንድ ጅብ ግመል ላይ ተቀምጦ እስከ ቱሊ ጉሌድ ከተማ አሳደደኝ። ስሮጥ እግሬን ወለም አለኝ። ስልኬንም የወሰደው እሱ ነው። ካልደወለልሽ ካርድ ጨርሶ ነው።»

አሁንም ሳቀች። ዓይኑ ግን ዓይኗን ሲሸሽ አይታዋለች።

ጉሌድ ሽማግሌ ሊልክ ሲነሣ የዑባህ አባት ካሂን አንድ ነገር ጠየቁ። ትልቋ ልጃቸው ማርያን በተዳረች በዓመቷ ባሏ በጉበት በሽታ ሞቶባታል።

«ከዚህ ቤት ሁለተኛዋ ልጅ ባሏን አትቀብርም» አሉ። «በመጀመሪያ የልጁ ጉበት ይታይ።»

ክሊኒኩ ሌላ ባለሙያ የለውም። ዑባህ የገዛ ፍቅረኛዋን ደም ቀድታ መረመረች። ጉበት ሲታመም ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ አገኘችው።

ደግነቱ፣ ይህ ኢንዛይም እንደ ካሂን ዘመዶች ነው፤ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ግን እንደየመኖሪያው። በሰውም በግመልም አካል ውስጥ ጉበት የራሱን ዓይነት ይሠራል፣ አጥንትም የራሱን። የጉበቱ እንደ ሀርሺኑ ዘመድ ሙቀት ይችላል፤ የአጥንቱ እንደ ቱሊ ጉሌዱ ትንሽ ሲሞቀው ድራሹ ይጠፋል።

ዑባህ ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ሃምሳ ስድስት ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ አቆይታ ለካችው። የጉበት ቢሆን ብዙው ይተርፍ ነበር። ይህኛው ግን ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

የአጥንት ነው!

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ወንበሯ ላይ ወደቀች። ቆይታ ግን ፊቷ ጨለመ። የጎልማሳ አጥንት ይህን ያህል የሚያመነጨው ስብራት ሲጠገን ነው፤ ወለምታ እዚህ አያደርስም።

ጉሌድን ወደ ክሊኒኩ ጓሮ ጠራችው።

«እግርህ የት ነው የተሰበረው?»

«ወለምታ ነው አልኩሽ እኮ፤ ያ ጅብ...»

«ዋሪያ! ጅቡን ተወው።»



«ከድንበሩ፣ ከቶጎ ውጫሌ ማዶ» አለ ጉሌድ። «ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ። ታህሪብ ወጥቼ ነበር... በድብቅ ባሕር ልሻገር።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ መሄድ ያቅተኝ ነበር።»

ነፋሱ አቧራ አንሥቶ በመካከላቸው አለፈ።

«ለምን ተመለስክ?»

ይህችን አንዲት ጥያቄ በውሸት እንዲመልስላት በሙሉ ልቧ ተመኘች። «ላንቺ ብዬ» ቢላት ያን ጊዜ ታምነው ነበር።

«እግሬ ስለተሰበረ» አላት።

ካሂን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። «ኢንዛይሙ ከፍ ብሏል» ብላ ዝም ብትል፣ እምቢታው የአባቷ ይሆናል፤ ጉሌድም አንድ ቃል ሳትናገረው ከሕይወቷ ይወጣል። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጉበቱ ደህና ነው፣ አባባ። የተሰበረ እግሩ እየተጠገነ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

«አይምጡ። በመጀመሪያ እግሩ ጨርሶ ይዳን።»

«ልጄ፣ በእግሩ ነው እንዴ የሚያገባሽ?»

«አሁን እዚህ ያለው መሄድ ስላልቻለ ነው፣ አባባ። መሄድ እየቻለ እዚህ ከቀረ ይምጣ።»



ለጉሌድም ይህንኑ ነገረችው። አልማለላትም፤ እሷም ማልልኝ አላለችም። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለዑባህ ከባድ ነበሩ። ወደ ድንበር የሚወጣ መኪና ጡሩምባ በነፋ ቁጥር ሥራዋን አቋርጣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች።

ዝናቡ ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት የካሂን በር ተንኳኳ። ስትከፍት ጉሌድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላው ጭቃ የሌለበትን እየመረጡ ይመጣሉ።

«ትላንት የሚወስደኝ መኪና አግኝቼ ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተሳፍሬም ነበር። ወረድኩ።»

ዑባህ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። አሁን አልሸሸም። ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈችው።