የሰፋው ቀለበት

ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመድፍ ጥይት ፋብሪካው ዋና ኃላፊ በሁለተኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የቀረውን አንድ ጥይት አንስታ በመለኪያው ቀለበት አሾለከችው፤ ጥይቱ በአውራ ጣት ሳይገፋ ዘው ብሎ ወደቀ። ቀለበቱ በሥራ ብዛት ተፍቆ ሰፍቷል ማለት ነው፤ በሰፋ ቀለበት ደግሞ ወፍራሙም ጥይት እንደ ደኅናው ያልፋል፤ ወፍራም ጥይት በመድፉ ጉሮሮ ከተቀረቀረ ተኳሾቹን ይዞ ይፈነዳል። ይህን ስታስተውል፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጥይት የጫኑት መኪኖች ከግቢው ከወጡ አንድ ሰዓት አልፏቸዋል።

ሠራተኛው በጥብቅነቷ «መዶሻዋ» ይላታል። መዶሻዋንም የሚበላት ነገር ነበረ፤ የሁለተኛው ክፍል አለቃ ታናሽ እህቷ ናት። የሞረድ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ፤ ምርቱን እጥፍ አድርጋ በሹማምንት ፊት የተመሰገነችው ግን ታናሺቱ። ፋብሪካውን የሚቆጣጠሩት ኮሎኔል ለታላቂቱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሲያልፉ፣ የታናሺቱን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያች ቀን በኋላ ለሁለተኛው ክፍል የመጣውን አዲስ የመለኪያ ቀለበት ከነቅባቱ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። «መጥታ ትለምነኝ! ታላቅ አይደለሁም?» አለች በሆዷ። አሥር ቀን አለፈ፤ ታናሺቱ የቀለበቱን መምጣት በምን ትወቀው?

ይኸው አሁን፣ ታላቂቱ ጥይቱን እንደያዘች፣ ታናሺቱ ገባች።

«እትዬ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«በተጫኑት የጥይት ሣጥኖች ላይ ያለው ማኅተም የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! ቀናሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ቀልድ ነበር፤ ጦር ሆኖ ገባ። መድፍ ቢፈነዳ የምትጠየቀው ባለማኅተሟ ናት፤ የታላቂቱን መሳቢያ የሚከፍት የለም። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ሐሳቡን ለአንድ አፍታ አጣጣመችው። ከዚያ ግን መድፉን ጥይት የሚያጎርሱት የሰው ልጆች፣ እናቶቻቸው በር በሩን የሚያዩላቸው፣ ድቅን አሉባት። ስልኩን አነሣች።

«ጌታዬ ኮሎኔል፣ ጥይት የጫኑትን መኪኖች መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ይመልሱልኝ።»

«የግንባሩ ጄኔራል ጥይት ጥይት እያሉ ጉሮሯቸው ደርቋል፣ እርስዎ መልስ ይሉኛል?»

«ጠላትን ሳይሆን የእኛኑ ልጆች ይፈጃል።»

«የማን ጥፋት ነው?»

እህቷን አየቻት። «የኔ። አዲሱን መለኪያ ደብቄ ነው።»

«ደብቀው? ለምን?»

«በቅናት።»

«ነገ ጠዋት ቦታውን ለእህትዎ ያስረክባሉ፤ ለፍርድም ይቀርባሉ» ብለው ኮሎኔሉ ስልኩን ዘጉ።

«ብትነግሪኝ እኮ እግርሽ ላይ ወድቄ እወስደው ነበር» አለች ታናሺቱ።

መኪኖቹ ወደ ማታ ተመለሱ። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ሆነው በአዲሱ ቀለበት ሲለኩ አመሹ፤ ስልሳ ሦስት ጥይት አልገባም አለ። በዚያ ሰዓት እንኳ የታናሺቱ እጅ ከእጇ ሲፈጥን አይታ የመዶሻዋ ቆሽት አረረ።

ከጦርነቱ በኋላ የተጻፈው የፋብሪካው ታሪክ ታናሺቱን በሦስት ገጽ ያወድሳታል፤ ስለዚያ ቀን «ጭነቱ በቴክኒክ ምክንያት ዘገየ» ብሎ ያልፋል፤ ከሞት የተረፉትን ተኳሾችማ፣ ያልሞተ አይመዘገብምና የቆጠራቸው የለም። በዚያች ምሽት ግን ሁለቱ ተከታትለው ወጡ፤ ታላቂቱ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ፋብሪካው በር መቆለፊያ ዘረጋች፤ ታናሺቱ ቀድማ ቆለፈችው።