የጠሃ መሮ

በጥር ወር ፲፱፻፸ ዓ.ም.፣ ከሊሙ ቡና ጭነው የሚመጡ መኪኖች በየኬላው በሚፈተሹበት ሰሞን፣ በጅማ የሂርማታ መርካቶ እንጨት ጠራቢዎች ሁሉ መሯቸውን ይዘው በዘጠኝ ሰዓት ቀበሌ እንዲቀርቡ ታዘዙ፤ ከተያዙ የአመፅ ወረቀቶች ጋር ከዋንዛ የተቀረጸ ማኅተም ተገኝቶ ነበርና፤ በማኅተሙም ላይ ስለቱ የተሸረፈ መሮ የሚተወው ቀጭን መስመር በግልጽ ይታይ ነበር።

ትእዛዙ ጠሃ አባ መጫን ያገኘው በርጩማ ሲጠርብ ነው። በእጁ የያዘው መሮ ሸራፋ ነው። የሸረፉት አባቱ ናቸው፤ መስመሩን ግን የቤታቸው ምልክት አድርገው ወደዱት፤ ጠሃም ሲስለው ሽርፉን እየጠበቀ፣ በየበርጩማው ጠርዝ ላይ ያን መስመር ሃያ ዓመት አሳርፏል።

"ፈድሊያ!" ሲል ተጣራ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ልጁ፣ ገና ሳይጠይቃት አለቀሰች። "አባ፣ ይማሩኝ። ማኅተሙን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ በእርስዎ መሮ።"

"ያ ረቢ! ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ግቢና ፊትሽን ታጠቢ!"

ከዚያም የአባቱ ሽርፍ እስኪጠፋ ድረስ መሮውን ድንጋይ ላይ ሳለው። ስለቱ ሲያብረቀርቅ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘው፤ ዛሬውኑ ተስሎ የቀረበ መሮ ያየ ካድሬ ምን ይላል? ለማደብዘዝ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም።

ቀበሌ ሲደርስ አሥር መሮ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አገኘ፤ አሥሩም ያብረቀርቃሉ።

ካድሬው ጓድ ገበየሁ ለአገሩ እንግዳ ነው። "ምን ጉድ ነው ይሄ? ሁላችሁም ዛሬ ሳላችሁ?"

"ጓድ፣ ያልተሳለ መሮ ለሰው ማቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው" አሉ ሽማግሌው ጠራቢ ኢስሃቅ። "ለእርስዎማ እንዴት ደነዝ እናምጣ?"

ወጉስ እውነት ነው። የጠሃን መስመር የማያውቅ ጠራቢ ግን በሂርማታ አልነበረም፤ ያን ቀን የሳሉት ለወጉ ይሁን ለጠሃ ሲሉ፣ አንዳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተናገሩም።

ገበየሁ ማኅተሙን አጠገቡ ባለ በርጩማ ላይ አኖረና መሮዎቹን በተራ ጣውላ ላይ ያስሞክር ጀመር። ጠሃ በርጩማውን ሲያይ ወዲያው ለየው። የገዛ እጁ ሥራ ነው! ጠርዙን የዞረው መስመር ከማኅተሙ አንድ ጣት አይርቅም። የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ በልቡ ደገመ፤ ተራው ደርሶ መሮውን ሲገፋ ጣውላው ያለ አንዳች መስመር ተላጠ።

"ሂድ!" አለው ካድሬው፤ በርጩማውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

በቀበሌው መዝገብ የሰፈረው "አሥራ አንድ መሮ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም" የሚል ብቻ ነው፤ የጠሃ ስም የለበትም። ጠሃ ከዚያ ወዲያ የጠረባቸው በርጩማዎችም መስመሩ ስለሌላቸው የማን ሥራ እንደሆኑ አይታወቅም። ከጅማ ወደ ሸቤ ወርዳ ልጆች የወለደችው ፈድሊያ፣ በሄደችበት ቤት ሁሉ የበርጩማውን ጠርዝ በጣቷ ትዳብሳለች፤ መስመሩን ስታገኝ ደስ ይላታል፤ ስታጣው ግን የአባቷ ሊሆንም ላይሆንም ይችላልና፣ እንባዋ ይመጣል።